ሸራን ሳይበሱ አጥብቆ ስለ ማሰር

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለወረዳ ሹማምንትና ለባለ እርሻዎች የተጻፈ ማስረጃ

ገበሬ በሬውን ጠምዶ፥ ዘሩን ዘርቶ፥ አረሙን ነቅሎ፥ አዝመራውንም አጭዶ ከከመረ በኋላ የድካሙ ፍሬ በእጁ የገባ ይመስለዋል። ነገር ግን እህል ከታጨደበት ቀን ዠምሮ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ድረስ ያለው ጊዜ፥ በቀን ሲቈጠር አጭር ቢሆንም፥ ከወራቱ ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ያለ ጊዜው የመጣ ዝናብ ክምሩን አርሶ እህሉን በነዶው ላይ ያበቅለዋል፤ ያሻግተዋልም። የሻገተ እህል ጉዳቱ የዋጋው መውደቅ ብቻ አይደለም። ከሻጋታው ወገን አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያፈራል፤ ይህም መርዝ በተለይ በበቆሎ፥ በማሽላና በለውዝ ላይ ሲገኝ የሚበላውን የሰውንም የከብትንም ጉበት ይጎዳል። በ2012 ዓ. ም. በጥቅምትና በኅዳር በምሥራቅ አፍሪካ ከልማዱ የበለጠ ዝናብ በዘነበ ጊዜ፥ ክምሩን የሚሸፍንበት ያጣ ገበሬ ምን ያህል እንደሚጨነቅ በግልጥ ታይቷል።

ስለዚህ በየወረዳው ሸራና ላስቲክ ገዝቶ ክምር የመሸፈን ልማድ መስፋፋቱ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ሸራ መግዛት ብቻውን ክምር አያድንም። ብዙ ጊዜ እንደሚታየው፥ አዲሱ ሸራ በመጣበት ቀን ጠርዙ በቢላዋ ይበሳል፤ ወይም በምስማር ከእንጨት ጋር ይመታል። በቀዳዳውም ገመድ ገብቶ ይታሰራል። በመጀመሪያው ሳምንት የጸና ይመስላል። ኋላ ግን ነፋስ እየደጋገመ ሲመታው ቀዳዳው ይሰፋል፤ በመጨረሻም እስከ ጠርዙ ተተርትሮ ገመዱ ባዶውን ይቀራል። ብዙ መከር ሊያገለግል የሚገባው ሸራ በአንድ መከር ያልቃል፤ ያለቀውም ሸራ ክምሩን ጥሎ የሚሄደው ዝናቡ በመጣበት ሌሊት ነው።

ይህን ጉዳት የሚያስቀር፥ ገንዘብ የማያስወጣና ለማንም ሰው በጥቂት ደቂቃ የሚገባ ብልሃት አለ። ይኸውም ጨርቁን ሳይበሱ፥ በጨርቁ ውስጥ ጠጠር አቅፎ አንገቱን ማሰር ነው። ምክንያቱና ሥርዓቱ ከዚህ ቀጥሎ ይገለጻል።

ቀዳዳ ሸራን የሚያጠፋበት ምክንያት

ሸራ የድርና የማግ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ፈትል ለብቻው ደካማ ቢሆንም፥ ብዙው በአንድነት ሲሳብ ታላቅ ኃይል ይችላል። አባቶች ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉት ቃል በሸራ ላይ በቀጥታ ይፈጸማል። ቢላዋ ሸራውን ሲበሳው በዚያ ስፍራ ያሉት ፈትሎች ይቈረጣሉ፤ እነርሱ ይሸከሙት የነበረውም ኃይል በቀዳዳው ዳር ባሉት በጥቂቶቹ ፈትሎች ላይ ይወድቃል። እነዚህም ከድርሻቸው በላይ ስለ ተጫነባቸው ይበጠሳሉ። ሸክሙ ወደሚቀጥሉት ያልፋል፤ እነርሱም ይበጠሳሉ። እንዲህ እያለ አንዱ ሌላውን እየተከተለ ሸራው ይተረተራል። ላስቲክ ድርና ማግ ባይኖረውም ነገሩ ያው ነው፤ ጫፉ አንድ ጊዜ የተቀደደ ላስቲክ በትንሽ ጉልበት እስከ መጨረሻው እንደሚቀደድ ማንም ሰው ያውቀዋል።

አንዳንድ ሰው፥ ፋብሪካውም ራሱ በሸራው ጠርዝ ላይ የብረት ቀለበት እያደረገ ይበሳው የለምን? ይል ይሆናል። ነገር ግን በጥሩ ሸራ ላይ ቀለበቱ የሚገባው ጠርዙ ታጥፎ፥ ተደርቦና ተጠናክሮ ከተሠራ በኋላ ነው። ኃይሉን የሚሸከመው ቀዳዳው ሳይሆን የተደረበው ጠርዝ ነው። ጠርዙ ያልተደረበ ሸራ ቀለበት ቢኖረውም በብርቱ ነፋስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነቀለው ቀለበቱ ነው። ቀለበቱ ከተነቀለ በኋላ ሌላ ቀዳዳ በቢላዋ መብሳት ጉዳቱን እጥፍ ማድረግ ነው።

የነፋስን ጉልበት በቍጥር ማየት ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል። ከባሕር ወለል 2500 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አገር፥ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነፋስ ፊት ለፊት ያገኘውን እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ5 ኪሎ ያህል ሸክም ይገፋዋል። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሆኖ 72 ኪሎ ሜትር ሲደርስ፥ ግፊቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ፥ ማለት 20 ኪሎ ያህል ይሆናል። ርዝመቱ 6 ሜትር ወርዱ 4 ሜትር የሆነ ሸራ ስፋቱ 24 ካሬ ሜትር ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ብርቱ ነፋስ መላውን ሸራ ፊት ለፊት ቢመታው 480 ኪሎ ያህል ይገፋዋል። በአራቱ ማዕዘን ብቻ የታሰረ እንደ ሆነ ለእያንዳንዱ ማዕዘን 120 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ይህም ከአንድ ኩንታል ይበልጣል። በዙሪያው በ16 ስፍራ የታሰረ እንደ ሆነ ግን ለእያንዳንዱ ማሰሪያ የሚደርሰው 30 ኪሎ ያህል ብቻ ነው።

ከዚህ ሁለት ትምህርት ይገኛል። የመጀመሪያው፥ ከፈትሉ አንዱም እንዳይቈረጥ መጠንቀቅ ነው። ሁለተኛው፥ ሸክሙን ለጥቂት ብርቱ ማሰሪያ ሳይሆን ለብዙ ትናንሽ ማሰሪያ ማካፈል ነው። በሸራ ላይ ብዙ ቀዳዳ መብሳት ሸራውን ማጥፋት ስለ ሆነ፥ እነዚህን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ሊፈጽም የሚችል የጠጠር ማሰሪያ ነው።

የካራና የእንጦጦ ምሳሌ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፥ በደብረ ብርሃን አድርጎ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ በካራ በኩል ያልፋል። ስፍራው በየካና በእንጦጦ ጋራዎች ግርጌ ነው። ዛሬ የከተማው ቤት እየሰፋ ያለበት ሰፈር ቢሆንም፥ ከሰንዳፋ፥ ከሸኖና ከደብረ ብርሃን ወገን ጤፍ፥ ስንዴ፥ ገብስና ጭድ የጫነ ካሚዮን ወደ ከተማው የሚገባው በዚሁ በኩል ነው። ስለዚህ የሸራን ነገር መመልከት ለሚፈልግ ሹም ካራ የሚመች ስፍራ ነው።

አየሩ ጸጥ ባለበት ቀን እንኳ፥ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ካሚዮን በጭነቱ ላይ ያለውን ሸራ ከላይ እንደ ተባለው ያለ ብርቱ ነፋስ እንዲመታው ያደርገዋል። ጭነት ማሰር የለመደ ሰው ስለዚህ ሸራውን አይበሳም። ገመዱን በሸራው ላይ እያመሳቀለ አሳልፎ ከካሚዮኑ ጎን ካለው ብረት ጋር ያጠብቀዋል። ያልለመደው ግን ጠርዙን በስቶ በቀዳዳው ያስራል፤ ሸራውም እየተርገበገበ ገና መንገዱ ሳይጋመስ መቀደድ ይዠምራል። በመንገድ ላይ በካሚዮን የሚሆነው በእርሻም ላይ በክምር ይሆናል። የሚለየው የካሚዮኑ ነፋስ በመንገድ ቀን ብቻ ሲሆን፥ የክምሩ ነፋስ ሌሊትና ቀን መሆኑ ነው።

በእነዚህ ጋራዎች ላይ የሚታየው ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ከውጭ አገር መጥቶ የተተከለው ዛፍ ዘር ነው። ለሸራ አሳሪም የሚያስፈልገውን ሁሉ ይሰጣል ማለት ይቻላል። ቀጥ ያለው እንጨቱ ምሰሶና ወራጅ፥ ቅርንጫፉ ካስማ፥ ደረቅ ፍሬው ደግሞ፥ ወደ ፊት እንደሚነገረው፥ የጠጠር ምትክ ይሆናል።

እንጦጦ የድንኳንንም ታሪክ ያስታውሳል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ. ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ ጫኑ። እቴጌ ጣይቱ ከጋራው በታች በፍል ውሃ አጠገብ ያለውን ስፍራ ወደው አዲስ አበባ ያሉትም ከዚያ አስቀድሞ፥ በ1879 ዓ. ም. ነው። ከዚህም በፊት በነበረው ዘመን፥ ዐፄ ፋሲለደስ ጎንደርን ከመቈርቈራቸው አስቀድሞ፥ የኢትዮጵያ ነገሥታት ከተማ ብዙውን ጊዜ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዛወር የድንኳን ከተማ ነበረ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1520 ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣው ፖርቱጋላዊው ካህን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዚህን ሰፈር ሥርዓት በዝርዝር ጽፎታል። እንግዲህ ጨርቅን በአውታርና በካስማ ወጥሮ ነፋስን መቋቋም ለዚህ አገር ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም።

ጨርቁን ሳይበሱ የማሰርም ብልሃት በየገበሬው ቤት አለ። የአቁማዳን አፍ የሚያስር ሰው ቆዳውን አይበሳም። አፉን ሰብስቦ አንገት ያበጅለታል፤ አንገቱንም በጠፍር ጠምጥሞ ያስረዋል። አቁማዳው በአህያ ተጭኖ ብዙ መንገድ ቢሄድም ማሰሪያው አይለቅም፤ ሲፈታም ቆዳው እንደ ነበረ ይገኛል። የጠጠር ማሰሪያ ማለት በሸራው ጠርዝ ላይ እንደዚህ ያለ አንገት በፈለጉት ስፍራ ማበጀት ነው።

የአስተሳሰሩ ሥርዓት

አንደኛ፥ ጠጠሩን መምረጥ ነው። የሚሻለው ከወንዝ ዳር የተለቀመ፥ ውሃ ያለሰለሰው ድቡልቡል ጠጠር ነው። ለወፍራም ሸራ የርግብ እንቁላል የሚያህል ይበቃዋል። ለስስ ላስቲክ ግን የሎሚ ፍሬ የሚያህል ይሻላል፤ ጠጠሩ ተለቅ ባለ መጠን ኃይሉ በሰፊ ስፍራ ይከፈላልና። ሾጣጣ ወይም ስለታም ድንጋይ ጨርቁን ከውስጥ ስለሚቈርጠው ከቶ አይሆንም። ጠጠር በማይገኝበት አገር የቆረቆንዳ ቍራጭ፥ ወይም አጥብቀው የጠቀለሉት አሮጌ ጨርቅ ያገለግላል። የባሕር ዛፍ ፍሬም ጠንካራ ስለ ሆነ ያገለግላል፤ ጠርዝ ስላለው ግን አስቀድሞ በጨርቅ መጠቅለል አለበት።

ሁለተኛ፥ ጠርዙን ማጠፍ ነው። የሸራውን ጠርዝ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ታች አጥፎ መደረብ ያስፈልጋል። ለስስ ላስቲክ ሁለት ጊዜ ማጠፍ ይገባል። ማሰሪያው የሚይዘው ድርቡን ስለ ሆነ ጽናቱ ይጨምራል።

ሦስተኛ፥ ጠጠሩን ማስገባት ነው። ጠጠሩ በተደረበው ስፍራ መካከል ከሸራው በታች ተይዞ ወደ ላይ ይገፋል። በዚህ ጊዜ ጨርቁ ጠጠሩን አቅፎ እንደ ኮት ቍልፍ ብቅ ይላል። ጠጠሩን ከላይ ወደ ታች መጫን ግን ስሕተት ነው፤ እንዲህ ከሆነ በላይ በኩል ጽዋ የመሰለ ጐድጓድ ይበጅና የዝናብ ውሃ ይጠራቀምበታል።

አራተኛ፥ አንገቱን ማሰር ነው። ገመዱን ከመካከሉ አጥፎ ዓይን ማበጀት፥ ዓይኑንም ከጠጠሩ ሥር በአንገቱ ዙሪያ አዙሮ ሁለቱን የገመድ ጫፎች በዓይኑ ውስጥ ማሳለፍ፥ ከዚያም ጫፎቹን መሳብ ነው። ይህ ሸምቀቆ ይባላል። ሁለቱም ጫፎች ወደ ካስማው ይሄዳሉ። ገመዱ አጭር ሆኖ አንድ ጫፍ ብቻ የሚደርስ እንደ ሆነ፥ ገመዱን በአንገቱ ዙሪያ አንድ ጊዜ ማዞር፥ ሁለተኛውን ዙር መጀመሪያውን አቋርጦ ማሳለፍ፥ ጫፉንም በሁለተኛው ዙር ሥር አግብቶ ማጥበቅ፥ በመጨረሻም እንዳይሾልክ አንድ ቋጠሮ መጨመር ነው።

ይህ ማሰሪያ የሚጸናበት ምክንያት ግልጥ ነው። ገመዱ በተሳበ ቍጥር ሸምቀቆው አንገቱን ይጨብጣል፤ ጠጠሩም ከአንገቱ ስለሚወፍር በሸምቀቆው ውስጥ ሊያልፍ አይችልም። ነፋሱ በበረታ መጠን ማሰሪያውም ይጠብቃል። ኃይሉ በአንዲት ቀዳዳ ዳር ላይ ሳይሆን ጠጠሩን ባቀፉት ፈትሎች ሁሉ ላይ ይከፈላል፤ አንድም ፈትል አልተቈረጠም። መከሩ ሲያልቅ ገመዱ ይፈታል፥ ጠጠሩ ይወድቃል፥ ሸራውም እንደ ነበረ ይታጠፋል።

ለማዕዘኖቹ ሌላም መንገድ አለ። ማዕዘኑን መልሶ በማጠፍ እንደ ገመድ ዓይን ማድረግ፥ ገመዱን ከታች በዓይኑ ውስጥ አውጥቶ በታጠፈው ጨርቅ ጀርባ ማዞር፥ ጫፉንም በራሱ በገመዱ ሥር አሳልፎ ማጥበቅ ነው። ይህ ቋጠሮ በመርከበኞች ዘንድ የታወቀ ነው። መርከበኞች ኑሯቸው በሸራና በነፋስ መካከል ስለ ነበረ የቋጠሮን ጥበብ አጥብቀው ተምረዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1944 አሽሊ የተባለ አሜሪካዊ ስለ ቋጠሮ ባሳተመው መጽሐፍ ከ3800 የሚበልጥ የአስተሳሰር ዓይነት ተርታውን አስፍሯል። ለክምር ግን ከላይ የተነገሩት ሁለት ሦስት ዓይነቶች ይበቃሉ።

6 ሜትር በ4 ሜትር ለሆነው ሸራ ዙሪያው 20 ሜትር ስለ ሆነ፥ በየ1 ሜትር ከሩብ አንድ ማሰሪያ ቢደረግ 16 ማሰሪያ ይሆናል። 16 ጠጠር ለመልቀምና ለማሰር ሁለት ሰዎች ብዙ ጊዜ አይፈጅባቸውም።

ስለ ካስማ፥ ስለ ገመድና ስለ ውሃ

ማሰሪያው ቢጸናም ካስማው ከላላ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ካስማ ሲተከል ራሱ ከሸራው ወደ ውጭ ያዘነበለ ይሁን፤ ቀጥ ብሎ ወይም ወደ ሸራው አዘንብሎ የተተከለ ካስማ በቀላሉ ይነቀላል። በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ ካስማ መትከል ግን ልቅላቂውን ስለሚሰነጥቀው አይገባም። በዚያ ስፍራ ገመዱን ከክምሩ ላይ ወዲያና ወዲህ አሳልፎ በሁለቱም ጫፍ ከባድ ድንጋይ ማንጠልጠል ይሻላል። ድንጋዩ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ ይሁን፤ እንዲህ ሲሆን ክምሩ ቢሟሽሽም ገመዱ ሳይላላ እንደ ተወጠረ ይኖራል።

የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፥ ሲደርቅ ይላላል። ስለዚህ ዝናብ በሚያስፈራበት ማታ እጅግ ተወጥሮ የታሰረ የቃጫ ገመድ ሌሊት ሲረጥብ ካስማ ሊነቅል ወይም ጨርቁን ሊጎዳ ይችላል፤ ጥቂት ማላላት ያስፈልጋል። ናይለን ደግሞ ሸክም ሲበዛበት ስለሚለጠጥ በየጥቂቱ ቀን እየተመለከቱ ማጥበቅ ይገባል። ሽቦ በአንገቱ ላይ ከቶ አይታሰርም፤ ቀጭንና ጠንካራ ስለ ሆነ እንደ ቢላዋ ይቈርጣል።

ውሃም እንደ ነፋስ ጠላት ነው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ 1 ሊትርም 1 ኪሎ ይመዝናል። በአንድ ከሰዓት በኋላ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በ24 ካሬ ሜትር ሸራ ላይ 240 ኪሎ ውሃ ይወርዳል ማለት ነው። ሸራው ተዳፋት ያለው እንደ ሆነ ይህ ውሃ ፈስሶ ያልፋል። መካከሉ የረገበ እንደ ሆነ ግን ተጠራቅሞ ሸራውን ይጐትታል፤ ማሰሪያውንም ያስጨንቃል። ስለዚህ ክምሩ ራሱ እንደ ጎጆ ጣራ ሾጠጥ ብሎ ይከመር፤ ሸራውም ያን ተከትሎ ይልበሰው። የእንጨት ጫፍ ሸራውን በሚነካበት ስፍራ ሁሉ ሣር ወይም አሮጌ ጨርቅ ይደረግ፤ ብዙው ሸራ ከውስጥ የሚበሳው በዚህ ነው።

ሸራው ክምሩን እስከ መሬት ድረስ አፍኖ እንዳይይዘው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እርጥበት ያለው እህል ታፍኖ ከቆየ ይሞቃል፥ ይሻግታልም። ከታች በኩል ነፋስ የሚገባበት ስፍራ ይተው፤ ፀሐይ በወጣ ቀንም ሸራው ይገለጥ። ብዙው የብርዕና የአገዳ እህል ወደ ጎተራ ሲገባ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ የማይበልጥ ሊሆን ይገባል። የጠጠር ማሰሪያ በፍጥነት ስለሚፈታና ስለሚታሰር ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ በምስማር የተመታ ሸራ ግን በየጠዋቱ ሊገለጥ አይችልም፤ ብዙ ሰው ሰንፎ ታፍኖ እንዲቀር የሚተወውም ስለዚህ ነው።

ቀድሞ ስለ ተበሳ ሸራና ስለ አያያዙ

ቀድሞ የተበሳ ሸራ የሚጣል አይደለም። ቀዳዳው ትንሽ እንደ ሆነ ጠጠሩን በቀዳዳው ሥር አድርጎ ከቀዳዳው በታች ባለው ጤነኛ ጨርቅ ላይ አንገቱን ማሰር ይቻላል። በዚህ ጊዜ ቀዳዳው ከማሰሪያው ወዲያ በጠጠሩ ራስ ላይ ስለሚቀር ኃይል አይደርሰውም፤ አይሰፋምም፤ ዋና ውሃ መግቢያነቱም ይቀራል። ጠጠሩ በቀዳዳው እንዳይሾልክ ግን ከቀዳዳው እጅግ የሚበልጥ ይሁን፤ ቢቻልም በጨርቅ ይጠቅለል።

ላስቲክ የሚሠራበት ፖሊ ኤቲሊን የተባለው ነገር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1933 በእንግሊዝ አገር የተገኘ ነው። ውሃ አያስገባም፥ አይበሰብስም፤ ነገር ግን የፀሐይ ብርሃን እያደር ያደርቀዋል። ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ወይም በጥፍር ሲጫኑት የሚፈረፈር ላስቲክ ዕድሜው ያለቀ ስለ ሆነ በጠጠርም በሌላም ቢታሰር አይጸናም። የጥጥ ሸራ ደግሞ ፀሐይን ይልቅ ይችላል፥ ነገር ግን ረጥቦ ከታጠፈ ይበሰብሳል። ስለዚህ ላስቲክን ከፀሐይ፥ የጥጥን ሸራ ከእርጥበት፥ ሁለቱንም ከአይጥ መጠበቅ ነው። ሁለቱም ከመታጠፋቸው በፊት በሚገባ ይድረቁ፤ በጥላም ውስጥ ከመሬት ከፍ ብለው ይቀመጡ።

ይህ ብልሃት ልኩን የሚያልፍ እንዳይመስል መናገር ይገባል። በሸራ የተሸፈነ ክምር ጎተራ አይደለም። ሸራ የተሰጠው እህሉ እስኪወቃ ድረስ ላሉት ቀኖች ነው። መውቃቱን ማዘግየት፥ ሸራውም እንደ ቤት ጣራ ከዓመት እስከ ዓመት በላይ እንዲኖር ማድረግ አይገባም።

ከሹማምንት የሚጠበቀው ሥራ

ገበሬ በቃል ከተነገረው ይልቅ በዓይኑ ያየውን ያምናል። ስለዚህ የወረዳው ሹም በገበያ ቀን ይህን ፈተና በሕዝቡ ፊት ቢያደርግ መልካም ነው። ከአንድ አሮጌ ሸራ ስፋታቸው የተካከለ ሁለት ቍራጭ ይቈረጥ። አንደኛው ተበስቶ በቀዳዳው ገመድ ይግባ፤ ሁለተኛው በጠጠር ይታሰር። ሁለቱም በአንድ ወራጅ እንጨት ላይ ተሰቅለው በየገመዳቸው ቅርጫት ይንጠልጠል፤ በሁለቱም ቅርጫት ድንጋይ እኩል በእኩል እየተጨመረ ይታይ። የትኛው አስቀድሞ እንደሚቀደድ ሕዝቡ ራሱ ይፈርዳል።

ከዚህም ሌላ የሚከተሉት ነገሮች ይፈጸሙ ዘንድ ይገባል።

1ኛ፥ በመንግሥት ወይም በማኅበር ገንዘብ የተገዛ ሸራ ለገበሬ ሲሰጥ ከሸራው ጋር የአስተሳሰሩ ሥርዓት ይነገር፤ የሚሰጠውም ሰው አንድ ማሰሪያ በእጁ አስሮ እስኪያሳይ ድረስ አይሂድ።

2ኛ፥ ሸራው ከጥቅምት በፊት ከተቀመጠበት ወጥቶ ይመርመር፤ ቀዳዳውና ዕድሜው ይታይ። ዝናብ በጀመረበት ማታ ሸራ መፈለግ ዘግይቶ መነሣት ነው።

3ኛ፥ ለእያንዳንዱ ሸራ 16 ጠጠርና 16 ገመድ በአንድ ከረጢት ተዘጋጅቶ ከሸራው ጋር ይቀመጥ። በጨለማና በነፋስ ጠጠር መልቀም ስለማይመች፥ ሰው ወደ ቢላዋው የሚመለሰው በዚያች ሰዓት ነው።

4ኛ፥ በጎተራና በመጋዘን ደጃፍ፥ በካሚዮን ላይና በገበያ ድንኳን ለሚሠሩ ሰዎችም ይህ ነገር ይነገር፤ ሸራ የሚጠፋው በእርሻ ላይ ብቻ አይደለምና።

5ኛ፥ መከሩ ካለቀ በኋላ ስንት ሸራ በደኅና እንደ ተመለሰና ስንቱ እንደ ተቀደደ፥ የተቀደደውም በምን ምክንያት እንደ ሆነ ይጻፍ። ይህ መዝገብ በሚመጣው ዓመት የሚገዛውን ሸራ ቍጥር ይቀንሳል።

አንድ ሸራ ሲበሳ የሚጎዳው ሸራው ብቻ አይደለም። ከእርሱ በታች ያለው ክምር የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ቀለብ፥ የሚመጣው ዓመት ዘር፥ የልጆች ልብስና የዕዳ መክፈያ ነው። ይህን ሁሉ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ጠጠር ከወንዝ ዳር ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ከሹሙ የሚፈለገው ዝናቡ ሳይመጣ ሕዝቡን ማስተማር ነው።